ማንን ነው ያዳለጠው?

እንግሊዝኛ ለጥቃቅን ችግር ስም አያጣም። ሥራ በትንሽ ነገር ሲያዝ፣ ዕቅድ ሲደነቃቀፍ፣ ማሽን ለአፍታ ቀጥ ብሎ መልሶ ሲነሳ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አለው። ከእነዚህ ሁሉ የእኛ ትውልድ ስልክ ውስጥ ዘው ብሎ የገባው ግን “ግሊች” ነው። ጌም ስትጫወቱ ተዋጊያችሁ ግድግዳ ውስጥ ሰምጦ እግሩ ብቻ ውጭ ከቀረ፣ ግሊች። ቪዲዮ ስታዩ የተናጋሪው ፊት ተቆራርጦ መልሶ ከተገጣጠመ፣ ግሊች። የባንክ አፕ ስትከፍቱ ሒሳባችሁ ዜሮ ብሎ፣ ዘግታችሁ ስትከፍቱት ገንዘቡ በቦታው ከተገኘ፣ እሱም ግሊች። ቃሉ ራሱ “አይዞን፣ ትንሽ ነገር ናት” የሚል ይመስላል።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚህ ቃል ነው። ከየት መጣ? መጀመሪያ ምን ማለት ነበር? ትንሽነቱንስ ከየት አገኘው? ታሪኩን ተከትላችሁ ስትሄዱ አንድ የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ፤ ቃሉ ሲነሳ ትንሽ አልነበረም፣ ባለቤት አልባም አልነበረም። ከአፍ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ጠፈር፣ ከጠፈር ወደ ድርጅት መግለጫ ሲዘዋወር ሁለት ነገር በመንገድ ላይ ጥሏል፤ ክብደቱንና ባለቤቱን። ሁለቱ የት የት እንደወደቁ ማየት ደግሞ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚህች ትንሽ ቃል ጀርባ ሰው ታስሯል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።)

የሚያዳልጥ ቦታ

የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ግሊችን በብዛት የሚያገናኙት ከዪዲሽ ጋር ነው። ዪዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው፤ የጀርመንኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን የሚጻፈው ግን በዕብራይስጥ ፊደል ነው። በዪዲሽ “ግሊትሽ” ማለት የሚያዳልጥ ቦታ ማለት ነው። “ግሊትሽን” ደግሞ መንሸራተት ነው፤ ጀርመንኛም “ግሊትሸን” የሚል ተመሳሳይ ግስ አለው። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ሁለት ሚሊዮን ገደማ አይሁዶች ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። በልብስ ስፌት፣ በቲያትር፣ ኋላም በሬዲዮ ሲሠሩ ቃሎቻቸውም አብረዋቸው ገቡ። ዛሬ አሜሪካዊ ሁሉ ምንጫቸውን ሳያስብ የሚናገራቸው የዪዲሽ ቃላት ብዙ ናቸው።

“የሚያዳልጥ ቦታ” የሚለውን ልብ በሉልኝ። ቃሉ ሲነሳ ጥፋትም አይደለም፣ ጥፋተኛም አይደለም። መሬት ነው። ዝናብ የጠገበ ጭቃ፣ ውሃ የፈሰሰበት ወለል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ለዪዲሹ በጣም ይቀርባል። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ሰው ምን ሆንክ ሲሉት “አዳለጠኝ” ነው የሚለው። አድራጊው እሱ አይደለም፣ መሬቱ ነው። እሱ በግሱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው “ኝ” ነው፤ ማለትም የተደረገበት ሰው። ግን አለ። በአንዲት ቃል ውስጥ ያዳለጠውም የወደቀውም ሁለቱም ተቀምጠዋል። ይህችን “ኝ” ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

የአፍ ወለምታ

ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የ1940 ጋዜጣ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ካትሪን ብራሽ በዚያ ዓመት ሜይ ወር ዋሽንግተን ፖስት ላይ በወጣ ጽሑፏ የሬዲዮ ሰዎችን ቋንቋ ታወራለች። የሬዲዮ ተናጋሪዎች ትንሽ የአነጋገር ስህተት ሲሠሩ “ፍላፍ” እንደሚሉት፣ የከፋ ስህተት ሲሠሩ ደግሞ “ግሊች” እንደሚሉት ትነግረናለች።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። ለትንሹ ስህተት ሌላ ስም ነበረው። ግሊች የትልቁ ስም ነበር።

ተዋናዩ ቶኒ ራንዳልም በ1941 በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ቃሉን ከነባር አስተዋዋቂዎች እንደሰማው ከብዙ ዓመታት በኋላ አስታውሷል። እንግዲህ ግሊች በልጅነቱ የሬዲዮ ቤት ቃል ነው። የዚያን ጊዜ ሬዲዮ ደግሞ በብዛት ቀጥታ ነው። ቀድቶ ማስተካከል የለም፣ ቆርጦ መጣል የለም። ከማይክሮፎኑ ያለፈ ቃል በየቤቱ ገብቷል። የከፈለውን ደንበኛ ስም አበላሽተህ ብትጠራ ደንበኛው ራሱ እያዳመጠህ ነው።

ለዚህ እኛም ተረት አለን፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወለምታ የእግር ነገር ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ወጌሻ በቅቤ ያሸዋል፤ ምላስ ወለም ሲል ግን ወጌሻ የለውም። በኒውዮርክና በቦስተን መካከል የነበሩ የሬዲዮ ሰዎችም፣ የእኛ አባቶችም፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አስበዋል፤ የምላስ ስህተትን በእግር ስህተት ስም ጠርተውታል። በዚህ ደረጃ ላይ ግሊች ባለቤት አለው። ያዳለጠው አስተዋዋቂው ነው። ድምፁ ይታወቃል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ከምላስ ወደ ሽቦ

በ1950ዎቹ ቃሉ ከስቱዲዮው ወንበር ተነስቶ ወደ ጀርባው ክፍል፣ ወደ ቴሌቪዥን መሐንዲሶች ተሻገረ። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በ1953 ለቴሌቪዥን ካሜራው ባወጣው ማስታወቂያ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ግሊች ከእንግዲህ እንደማይኖር ይኮራል። በእነሱ አነጋገር ግሊች ማለት በምስሉ ላይ አግድም የተኛች፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቀስ እያለች የምትንሳፈፍ ቀጭን መስመር ነበረች። የድሮ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቃታል። አባት ተነስቶ ቴሌቪዥኑን በመዳፉ መታ የሚያደርግበት ምክንያት አንዷ እሷ ነበረች።

ለውጡ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው። ከአሁን በኋላ የሚያዳልጠው ሰው አይደለም። ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ይቅርታ አይጠይቅም።

ከዚያ ቃሉ ወደ ጠፈር ወጣ። ጆን ግሌን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962 “ፍሬንድሺፕ 7” በተባለችው መንኮራኩር መሬትን ሦስት ጊዜ ዞሮ ተመለሰ፤ ይህን በማድረግ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች በጋራ ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ ግሊችን ለተራው አንባቢ አስረድቷል። እንደ እሱ አገላለጽ ግሊች ማለት በአንድ መስመር ላይ ድንገት አዲስ ጭነት ሲመጣ የሚፈጠር የቮልቴጅ መንጠር ወይም ለውጥ ነው። ምሳሌው የቤት ምሳሌ ነው፤ ቤት ውስጥ ትልቅ ዕቃ ሲበራ አምፖሉ ለአፍታ ደብዘዝ ማለቱ። በእኛ ቤት ብናመጣው የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የሚሆነው ነው። ግሌን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ግሊች በጣም ደቃቅ ለውጥ ከመሆኗ የተነሳ ፊውዝ ሊይዛት አይችልም።

ትንሽነቷ የገባው እዚህ ላይ ነው። ግን አስተውሉ፣ ትንሽ ነች ማለት ቀላል ነች ማለት አልነበረም። ግሌን የሚለው በተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ስለሆነች መከላከያው አያያትም፣ ስለዚህ ተጠንቀቁ። ከምድር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ደቃቅ የቮልቴጅ ለውጥ ቀልድ አይደለችም።

ከጠፈርተኞቹ ጋዜጠኞች ወሰዱት። በ1965 ታይም መጽሔት ግሊችን የጠፈር ሰዎች ለሚያበሳጭ ረብሻ የሚጠቀሙበት ቃል ብሎ ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። “የሚያበሳጭ” ተብሏል፤ የሚያሰጋ አልተባለም። ትልቁ የሬዲዮ ስህተት በ25 ዓመት ውስጥ ወደ ብስጭት ወረደ።

መሐንዲስ ሲለው

ምህንድስና የተማረ ሰው ቃሉን የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ በዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ። እዚያ ግሊች ጭጋግ አይደለም። ምክንያቱ በጣት ይጠቆማል።

ሁለት መግቢያ ያላት አንዲት በር አስቡ። በሁለቱም መግቢያ “አዎ” ከመጣላት ብቻ እሷም “አዎ” ትላለች። አሁን በአንዱ መግቢያ አንድ ምልክት እንላክ፤ በሌላው ደግሞ የዚያኑ ምልክት ተቃራኒ። አንዱ “አዎ” ሲል ሌላው “አይ” ስለሚል በሯ መቼም ቢሆን “አዎ” ማለት የለባትም። ይሄ በወረቀት ላይ ነው። በእውነተኛው ቺፕ ውስጥ ግን ተቃራኒውን የሚሠራው ክፍል ለመገልበጥ የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ ምናልባት ጥቂት ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም ጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ። ምልክቱ ከ“አይ” ወደ “አዎ” ሲቀየር በቀጥታው መንገድ የመጣው አዲሱ “አዎ” ቀድሞ ይደርሳል። በዙሪያው የሚመጣው ግን የድሮውን “አዎ” ገና አልጣለም። ለዚያች ቅጽበት ሁለቱም “አዎ” ናቸው። በሯም መቼም ማለት የሌለባትን “አዎ” ትላለች። ያቺ ብልጭታ ግሊች ትባላለች።

መፍትሔውም የታወቀ ነው። መልሱን ቶሎ አታንብብ፤ ሁሉም እስኪደርስ ጠብቅ። በቺፕ ውስጥ የሚመታው ሰዓት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣውን ሳይጠብቅ ማንም ውሳኔ እንዳይሰጥ ማድረግ።

የሥነ ፈለክ ሰዎችም ቃሉን ወስደዋል። በ1969 ተመራማሪዎች ቬላ የተባለውን ፑልሳር ሲከታተሉ ያልጠበቁት ነገር አዩ። ይህ ኮከብ በሰከንድ 11 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር፣ ፍጥነቱም በጣም በዝግታ እየቀነሰ የሚሄድ ነው። ድንገት ግን ፍጥነቱ በሚሊዮን ሁለት እጅ ያህል ጨመረ። ይህን ዓይነቱን ክስተት ግሊች አሉት። ስም ሰጥተው ግን አልተኙም። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግሊቾች ተመዝግበዋል፤ በኮከቡ ሆድ ውስጥ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የሚያደርገው የሚለው ጥያቄም እስከ ዛሬ ይጠናል።

በላቦራቶሪና በቴሌስኮፕ ዘንድ ግሊች ማለት “እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ እንፈልገው” ማለት ነው። የምርመራ መጀመሪያ ነው። የምርመራ መጨረሻ ያደረገው ሌላ ሰው ነው።

የእሳት እራቷ

ግሊች ታላቅ ዘመድ አለው፤ “በግ”፣ ማለትም ነፍሳት። እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ቀኑን ሙሉ አፋችን ላይ ያለው እሱ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ በመሣሪያው ውስጥ “ነፍሳት” እንዳገኘ እየቀለደ ይናገራል፤ ስለዚህ ቃሉ ከኮምፒውተር ይበልጣል። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ደግሞ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ “ማርክ 2” የተባለው ኮምፒውተር ውስጥ ቴክኒሻኖች እውነተኛ የእሳት እራት አገኙ። በሪሌዎቹ መካከል ገብታ ነበር። መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና በእውን የተገኘች የመጀመሪያዋ ነፍሳት ብለው ጻፉባት። ቀልዱ የሚያስቀው ቃሉ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ታሪኩን በየመድረኩ እየተናገረች ያስታወቀችው ግሬስ ሆፐር ናት። መዝገቡ እራቷን እንደያዘ ዛሬም በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ነፍሳት ዕቃ ናት። የሆነ ቦታ አለች፣ ሰው ፈልጎ ያገኛታል፣ ነቅሎ ያወጣታል፣ መዝገብ ላይ ይለጥፋታል። ግሊች ግን ሁኔታ ነው። መጣ፣ አለፈ። “ነፍሳት ነበረብን” ያለ ድርጅት ቀጥሎ “አወጣችኋት ወይ?” የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። “ግሊች ነበረ” ያለ ድርጅት ግን “እሺ፣ አሁን ተስተካከለ?” ከተባለ በቃው። መግለጫ የሚጽፉ ሰዎች ለምን ሁለተኛውን እንደሚወዱ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ቃሉ ራሱ ሲከብድ

የቃል ምርጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ወደ ብሪታንያ እንሂድ።

የብሪታንያ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ “ሆራይዘን” የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሠሪው ፉጂትሱ ነው። ትንንሾቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት በውል የሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከሱቃቸው ጎን አንድ መስኮት ከፍተው የሚያገለግሉ። በውላቸው መሠረት ሒሳብ ከጎደለ ከኪሳቸው ይሞላሉ። ሆራይዘን ሲገባ ማታ ማታ ሒሳብ ይጎድል ጀመር። ሰዎቹ ደጋግመው ቆጠሩ፣ ስልክ ደወሉ፣ ከቤታቸው ገንዘብ አምጥተው ሞሉ። ሲከሰሱ ማስረጃው የኮምፒውተሩ ቁጥር ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈርዶባቸዋል። ቤታቸውን የሸጡ አሉ። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች አለች።

በ2019 ዲሴምበር የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሆራይዘን ውስጥ የሌለ ጉድለት ሊያሳዩ የሚችሉ ስህተቶች እንደነበሩ ፈረደ። ክሱን የመሩት በዌልስ የነበራቸውን ቅርንጫፍ በ2003 የተቀሙት አለን ቤትስ ናቸው። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ በተገኙበት ቅርንጫፍ ስም ይጠራሉ። አንዱ ዳልመሊንግተን በተባለች የስኮትላንድ መንደር ስም የሚጠራው ነው። ሠራተኛዋ ገንዘብ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ማለፉን ለማረጋገጥ ቁልፍ ትጫናለች፤ ማያው ቀጥ ይላል። ማንኛችንም የምናደርገውን ታደርጋለች፤ ደግማ ትጫናለች። ማያው ምንም አያሳያትም፣ ሲስተሙ ግን ከኋላ እያንዳንዷን ጫና እንደ አዲስ ዝውውር ይመዘግባል። በ2021 የ39 ሰዎች ፍርድ ተሻረ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን መቶዎች ፍርድ በሕግ ሻረ።

አሁን ወደ ቃሉ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን በ2024 ፊት ካወጣቸው ሰነዶች አንዱ የፖስታ ቤቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ፖላ ቬኔልስ በ2013 የጻፉት ኢሜይል ነው። ገለልተኛ መርማሪዎች ሪፖርታቸውን ሊያወጡ በተቃረቡበት ወቅት፣ ሥራ አስፈጻሚዋ ኮምፒውተር የሚያውቁት ባለቤታቸውን አንድ ነገር ጠይቀው ነበር፤ ለሶፍትዌር ነፍሳት፣ ግሊችና ጉድለት ስሜት የማይቀሰቅስ ቃል ምንድን ነው? የመጣላቸው መልስ “ልዩ ሁኔታ” ወይም “ከተለመደው የወጣ” እንደማለት ያለ ነበር።

ይሄን ደግሜ ደግሜ አሰብኩት። ግሊች፣ “አይዞን ትንሽ ነገር ናት” የሚለው ቃል፣ ለእነሱ ከበዳቸው። ምክንያቱም ግሊች ብትለሰልስም ውስጧ መንሸራተት አለ። የተንሸራተተ ነገር ካለ ደግሞ ሰዎቹ ሌባ አይደሉም።

መጋቢት 2016

ይህ ቃል ከእኛ አገር ስም ጋር ተያይዞ በዓለም ዜና የዞረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ፣ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ በሚያነጋው ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በአንድ ሌሊት ተዳረሰ፤ ኤቲኤሞች ጋ ሰልፍ ሆነ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወጣ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተገለጸ፤ ብሔራዊ ባንክ ነገሩን ከመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። የእንግሊዝኛ ዜናዎች ርዕስ ላይ ግሊች ሆኖ ወጣ። በአማርኛ “የሲስተም ችግር” አልነው።

ገንዘቡ የሌላ ሰው መሆኑ አያከራክርም፤ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖም የወሰደ ይመልስ አሉ፣ ብዙዎችም መለሱ። እኔን የሚገርመኝ የሁለቱ ወገን ሰዋስው ነው። በአንድ በኩል “ችግር አጋጠመ” ይባላል፤ ችግሩ ራሱ እየሄደ ያገኘን ይመስል። በሌላ በኩል “ማሽኑ ሰጠኝ” የሚል ምክንያት አለ፤ ካርዱን ያስገባውና ቁጥሩን የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ ሳይነገር። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አድራጊያቸውን ደብቀዋል። በኋላ ግን አንደኛው ወገን ስምና ፊት አገኘ፤ ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ። “ችግር” ግን ፎቶ የለውም።

ብኝ

እኛ ግሊች ማለት ከመልመዳችን በፊት የራሳችን ቃል ነበረን፤ አሁንም አለን። “ሲስተም የለም።” በየመስኮቱ የምንሰማት ሁለት ቃል ናት። ከሩቅ መጥታ ከጠዋት ጀምራ ጡረታ ለመቀበል የተሰለፈች እናትም ትሰማታለች። ከሰዓት ይመለሱ ትባላለች። “ሲስተም የለም” ውስጥ ማን አለ? ያበላሸው የለም፣ የሚጠግነው የለም፣ የተቸገረችውም የለችም። ግሊች ብዙ አሥርት ዓመት ፈጅቶባት የደረሰችበት ቦታ ላይ እኛ በሁለት ቃል ደርሰናል።

ግን አማርኛ ሌላ መንገድም አለው። ብርጭቆ ተሰበረ ማለት ይቻላል። ብርጭቆ ተሰበረብኝ ማለትም ይቻላል። ስልኬ ጠፋ፣ ስልኬ ጠፋብኝ። “ብኝ” ስትጨመር ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው ይገባል፤ ጉዳቱ የወረደበት ሰው። ለበጎው “ልኝ” አለን፣ ለክፉው “ብኝ”። እንግሊዝኛ ይህን ለመናገር ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እኛ በአንድ ቅጥያ እንጨርሰዋለን። “አዳለጠኝ” ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ “ኝ” ይቺው ናት።

ስለዚህ “ግሊች ነው” ስትባሉ፣ ወይም “ሲስተም የለም” ስትባሉ፣ ቃሉን ወደ ሥሩ መልሱት። መሬቱ የቱ ጋ ነው የሚያዳልጠው? ማንን ነው ያዳለጠው? የማስተካከሉ ሥራስ የማን ነው? ሦስቱም መልስ አላቸው፤ በቺፕ ውስጥ መልስ አላቸው፣ በኮከብ ውስጥ እንኳ እየተፈለገላቸው ነው። ሶፍትዌር የምትጽፉ ደግሞ የስህተት መልእክት ስትጽፉ ሦስቱን አስቧቸው። “ያልታወቀ ችግር አጋጥሟል” ከሚለው ይልቅ ምን እንዳልሠራ፣ የሰውየው ገንዘብ የት እንዳለ፣ ለማን መደወል እንዳለበት መጻፍ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው።

ክረምት ላይ በየሰፈራችን ጭቃው ሲበዛ የሆነ ሰው ድንጋይ ይደረድርበታል። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው መጥቶ እዚያ ጋ አዳለጠኝ ማለት አለበት።